ዓለምዬ ቤት

ሰው ቤት የሚከፍተው ገንዘብ አስቦ ነው። እኔ የከፈትሁት ሰው አስቤ ነው። ይህን ለደባርቅ ነጋዴ ብነግረው ሆዱን ይዞ ይስቅብኛል፤ ስለዚህ ለማንም ሳልነግር ኖርሁ። አሥር ዓመት ሙሉ ሽሮና ጥብስ ሳቀርብ፣ አልጋ ሳከራይ፣ ሾፌር ሰክሮ ሲተኛ ጫማውን ሳወልቅ የኖርሁት አንዲት ሴት አንድ ቀን በበሩ ትገባለች ብዬ ነው።

ስሜ አንሙት ነው። ትውልዴ ጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በልጅነቴ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ላይ ስደርስ የኔታ መቱኝና አልተመለስሁም። ቁጡ ነበርሁ። አሁንም ቁጡ ነኝ። ቁጣዬ ግን የሚጮህ ዓይነት አይደለም፤ አፉን ዘግቶ የሚቀመጥ ነው። እሱ ነው ጉድ የሠራኝ።

ሚስቴ አገርነሽ ትባላለች። በአገራችን ምራት ወደ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። እናቴም ሙሽሪትን አገላብጣ አየቻትና “ዓለምዬ ብያታለሁ” አለች። ከዚያ ወዲያ በእኛ ቤት አገርነሽ የሚላት አልነበረም። እሷም በበኩሏ የእኔን ስም ጠርታ አታውቅም። ጨዋ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፤ ፊት ለፊት “አንቱ” ትለኛለች፣ ለሰው ስታወራ ደግሞ “የቤቱ ጌታ” ነበርሁ።

አንድ ክረምት ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለን ስሟን በከሰል በሩ ላይ ጻፍሁላት። አራት ፊደል ነው። ሌላ ላስተምርሽ ብላት “ይኸው ይበቃኛል” አለችኝ። ስታነበው ሁልጊዜ ከመጨረሻው ትጀምራለች። ጣቷን “ዬ” ላይ ታሳርፍና ወደ ኋላ እየቆጠረች “ዓ” ላይ ትደርሳለች። “ኧረ ከወዲህ ነው የሚጀመረው” ስላት “ጅራቱን ከያዝሁት ራሱ የት ይሄዳል?” ትለኛለች። እኔም እስቃለሁ። በዚያ ቤት የሳቅሁት በእሷ ብቻ ነበር።

ስድስት ዓመት ኖረን ልጅ አልወለድንም። በስድስተኛው መኸር፣ ጎረቤት ለወቃ ተሰብስቦ ሳለ፣ እናቴ በሰው ፊት “እኔ ስም ሰጠኋት፤ እሷ ልጅ ነሳችኝ” አለች። አውድማው ላይ የነበረው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። እኔ የበሬውን ገመድ ማጥበቅ ጀመርሁ። ገመዱ አልላላም ነበር። ዓለምዬ መንሹን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ወደ አባቷ ቤት ሄደች።

ያኮረፈች ሚስት አባቷ ቤት ስትገባ ትዳሩ ፈረሰ ማለት አይደለም። ባል ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌ ደጅ ቆሞ ይለምናል፤ እሷም ትንሽ ታስለምንና ትመለሳለች። ወጉ ይህ ነው። እሷ ወጓን ጠብቃ ሄዳ ተቀመጠች። እኔ አልላክሁም። “እግር አላት፣ በሄደችበት ትመለስ” አልሁ። ዓመት ከሁለት ወር እንዲህ እያልሁ ከረምሁ። በመጨረሻ ሦስት ሽማግሌ ብልክ፣ አባቷ ከደጅ ሳያስገቡ “ልጄ በር በር እያየች ከረመች። ጥምቀት ሲያልፍ ከነጋዴ ጋር ወደ ጎንደር ወረደች። አሁን ማንን ፍለጋ መጣችሁ?” አሏቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእኔ ነው።

ጎንደር ወርጄ በየሰፈሩ ጠየቅሁ። ማን ይሏታል ሲሉኝ ሁለቱንም ስም እነግራቸዋለሁ፤ በሁለቱም የሚያውቃት አላገኘሁም። በዓመቱ እናቴ ሞተች። በሬዎቼን ሸጥሁና ደባርቅ ገባሁ። ደባርቅን የመረጥሁት ለመንገዱ ነው። ከጎንደር ወደ አስመራ የሚያልፍ መኪና ሁሉ ሊማሊሞን ከመውረዱ በፊት እዚያ ይቆማል፤ ሾፌር ደግሞ ከጭነቱ ጋር ወሬ ይጭናል። አንድ ቆርቆሮ ገዝቼ በቀይ ቀለም “ዓለምዬ ቤት” ብዬ ጻፍሁና ከበሬ በላይ ሰቀልሁት። ያን ስም የትም አገር ትሁን፣ ሰው ሲያነሳው ብትሰማ የማን ቤት እንደ ሆነ ታውቃለች። ሽማግሌ በጊዜው ያልላክሁ ሰውዬ ታፔላ ሰቀልሁ።

ስሙ ሠራ። ሾፌሮቹ “ምሳ ዓለምዬ ቤት፣ አዳር ዓለምዬ ቤት” ማለት ለመዱ። ባሕር ዳር ድረስ እንደሚጠራ ሲነግሩኝ ልቤ ይዘላል፤ እነሱ ለገበያዬ የተደሰትሁ ይመስላቸዋል። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ወጥቼ የሚወርዱትን ሴቶች አያለሁ። አሥር ዓመት ሙሉ ሴት ሲወርድ አየሁ። ማታ ማታ ጉሙ ከተማውን ሲሸፍነውና እንግዳው ሁሉ ሲተኛ፣ ሃያ ሰው ባደረበት ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርሁ።

ከፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ፣ ችሎት ፊትም ጠበቃ ሆነው የሚቆሙ አቶ ወልደ ገብርኤል የሚባሉ ሰው ነበሩ። የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ ኋላ ወደ ሕግ ዞሩ። አዲሱ የንግድ ሕግ ሲወጣ አንዱን ቅጂ ከአዲስ አበባ አስመጥተው በዳዊታቸው ማኅደር ከተቱትና አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ይዞራሉ። ዳዊቱን እቤት ትተውት ነው የሚወጡ። እኔ ዘንድ ምሳ ሲበሉ ማኅደሩን እየመቱ፣

“አንሙት፣ ይህን ስም አስመዝግበው። ከእንግዲህ የንግድ ስም እንደ ርስት ነው፤ ድንበር አለው፤ የሚገፋህ ቢመጣ ዳኛ አለው” ይሉኛል።

ሄጄ አስመዘገብሁ። ጸሐፊው ወጣት ነበር። “ስምዎ አንሙት፣ ቤትዎ ዓለምዬ። ሚስትዎ ናት?” አለኝ። አዎ አልሁት። “ታዲያ ይዘዋት አይመጡም ነበር?” አለኝ። ትመጣለች አልሁት። ማኅተሙን አሳረፈበት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት በሰላም አለፈ። በሃምሳ ሰባት የክረምቱ መጨረሻ ላይ ይስማው የሚባለው የጭነት መኪና ሾፌር ገብቶ ገና ሳይቀመጥ፣

“ጋሼ አንሙት፣ ዳባትም ከፈቱ እንዴ? እንኳን ደስ አለዎ” አለኝ።

“ምን ከፈትሁ?”

“ዓለምዬ ቤትን ነዋ። አዲስ ቤት ነው፤ ቀለሙ ሳይቀር ያው ቀይ ነው።”

በማግስቱ ዳባት ወረድሁ። ቤቱን የከፈተው ሻረው ነው፤ ሁለት ዓመት እኔ ዘንድ ጥብስ ሲበላ፣ ሾፌሮቹን ሲቆጥር የነበረ የእህል ነጋዴ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ። ታፔላውን አየሁት። ፊደሉ ከእኔ ፊደል የተሻለ ነበር፤ ይኸ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

“ሻረው፣ ይህን አውርደው” አልሁት።

“ለምን ብዬ? ስም የእግዜር ነው። ሚስቴን ዓለምዬ ነው የምላት። አገሩ ሁሉ ልጁን ዓለምዬ ይላል፤ ሂድና ሁሉንም ከልክል።”

ሚስቱ በር ላይ ቆማ ታየናለች። ልጅ እግር ነበረች። ቁጣዬ እንደ ልማዱ አፉን ዘጋና ወደ ደባርቅ ተመለስሁ።

መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር መጣብኝ። ከጎንደር ለሚመጣ ሰው ዳባት ይቀድማል። ዓለምዬ ወሬውን ሰምታ ብትነሳ፣ ከአውቶቡስ ወርዳ እነዚያን አራት ፊደል ብታይ፣ የምትገባው የሻረው ቤት ነው። ደባርቅ አትደርስም። ገበያው ይወሰድብኝ፣ ሾፌሮቹም ይሂዱ፤ እኔ የፈራሁት ያን አንድ በር ነው።

አቶ ወልደ ገብርኤል ጉዳዩን ሲሰሙ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ሕጉን ከገዙት ጀምሮ በንግድ ስም የተጣላ ሰው አጥተው ነበር።

“ሕጉ ሻረው ሚስቱን ዓለምዬ እንዳይላት አይከለክለውም” አሉኝ። “እቤቱ እንደ ፈለገ ይጥራት። የሚከለክለው በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ንግድ፣ ቀድሞ በተመዘገበ ስም ሰው እንዳያደናግር ነው። ዳኛው የሚጠይቁን ‘የተደናገረ ሰው አለ ወይ’ ብለው ነው። እሱን እንፈልጋለን። ኪሳራህስ?”

“ኪሳራ አልጠይቅም።”

“እንግዲያ ምን ትጠይቃለህ?”

“ታፔላው ይውረድልኝ።”

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። “አንተ ሰው፣ ምን አለብህ?” አሉኝ። ምንም አልሁ።

ክስ የሚቀርበው ተከሳሽ ባለበት ነውና ዳባት ፍርድ ቤት ከሰስን። ከጥር ጀምሮ በየቀጠሮው በጭነት መኪና ስወርድ ስወጣ ከረምሁ። በሚያዝያው ቀጠሮ ሻረው ቆሞ “ክቡር ዳኛ፣ ሚስቴ ትናንት ተገላግላለች፤ ምስክሮቼን ማሰባሰብ አልቻልሁም፤ ቀጠሮ ይለወጥልኝ” አለ። ዳኛው ወደ እኔ ዞረው “ከሳሽ ይቃወማሉ?” አሉ። አቶ ወልደ ገብርኤል “ተቃወም” ብለው ጎነተሉኝ። እኔ ግን የወለደች ሴት ነገር ሲነሳ አንጀቴ አይችልም። “ማርያም እንኳን ማረቻት፤ ይለወጥለት” አልሁ። ነገሩ ወደ ሰኔ ተሻገረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስንት ጊዜ ያችን “ይለወጥለት” ወደ አፌ ልመልሳት እንደ ተመኘሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሰኔ ላይ ምስክር ተሰማ። መጀመሪያ ይስማው ቀረበ። የአስመራ ነጋዴ ለእኔ የላከውን ጨው፣ ታፔላውን አይቶ ዳባት አራግፎት እንደ ሄደ ተናገረ። ሻረው “ጨውን መልሼለታለሁ” አለ፤ እውነቱን ነው፣ መልሷል። ዳኛው ጥቂት ጻፉና “ሌላ ምስክር?” አሉ።

ሁለተኛዋን አቶ ወልደ ገብርኤል ራሳቸው ነበሩ ያገኟት። ፋንታዬ ትባላለች፤ ሻረው ቤት እንግዳ ታስተናግድ የነበረች፣ ከወር በፊት ለቃ የራሷን ጠላ ቤት የከፈተች ሴት ናት። ምን እንደምትናገር እኔ አላውቅም ነበር። አቶ ወልደ ገብርኤልም “አንዲት የተደናገረች መንገደኛ አይታለች፤ ለእኛ ወርቅ ናት” ከማለት በቀር አልነገሩኝም። መስቀል ጨብጣ ማለችና ጀመረች።

“የሻረው ሚስት አራስ ሳለች ነው። ከጎንደር የመጣው አውቶቡስ ቆመና አንዲት ሴት ወረደች። ትልቅ ሴት ናት፣ ነጭ የለበሰች፣ ማር በቅል ይዛለች። አልገባችም። ታፔላው ሥር ቆማ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ጣቷን ዘርግታ እንደ መቁጠር አደረጋት።”

“እንዴት ያለ መቁጠር?” አሉ ዳኛው።

“ፊደሉን ነዋ። ደግሞ ከወዲያ ከመጨረሻው ነው የጀመረች። እኔም ማንበብ ስለማልችል አልሳቅሁባትም፤ ነገር ግን ከመጨረሻ ሲጀመር አይቼ አላውቅም።”

እጄን ጠረጴዛው ላይ ጣልሁ። አቶ ወልደ ገብርኤል የተደሰትሁ መስሏቸው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

“ከዚያስ?”

“ከዚያ ወደ እኔ መጣችና ‘የቤቱ ጌታ ደህና ናቸው?’ አለችኝ። ደህና ናቸው፣ እንዲያውም ወንድ ልጅ ተወልዶላቸዋል አልኋት። ቅሉን ወደ ሌላ እጇ አዛወረችና ‘ዓለምዬ የሚሏት ማን ናት?’ አለችኝ። ሚስታቸው ናት፤ የወለደችውም እሷ ናት፤ ይኸው እውስጥ ተኝታለች አልኋት። ‘በዚህ ስም ነው የሚጠሯት?’ አለችኝ። አዎ፣ ሌላ ስም ሲሏት ሰምቼ አላውቅም አልኋት።”

ፍርድ ቤቱ ውስጥ ለነበሩት ይህ ገና ምንም አልነበረም። ለእኔ ግን ሁሉም ነገር ነበር። በእሷ ዓይን ስሟን ለሌላ ሴት ሰጥቼ፣ ከሌላ ሴት ወልጄ፣ ታፔላ ላይ ሰቅዬ ያኖርሁ ሰው ሆኜ በዚያ በር ፊት ቆሜ ነበር፤ እኔ ግን በሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቀት አውቶቡስ እያየሁ ተቀምጫለሁ።

ፋንታዬ ቀጠለች። “ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ገባችና አራሷን ‘እንኳን ማርያም ማረችሽ’ አለቻት። ልጁን ሳመችው። ማሩን ‘ለጥንካሬሽ ይሁንሽ’ ብላ ሰጠቻት። ምግብ ላቅርብ ብላት እምቢ አለች። ከየት ነው የመጣሽው ብላት ከባሕር ዳር፣ የቤቱን ስም በቅርቡ ሰው ሲያነሳ ሰምቼ ነው አለች። ወደ ጎንደር የሚመለስ የጭነት መኪና ላይ ወጣችና ሄደች።”

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። “ይህች ሴት ማንን ፈልጋ እንደ መጣች ታውቂያለሽ?”

“የማንንም ስም አልጠራችም፣ ጌታዬ።”

አቶ ወልደ ገብርኤል ተነሱ። “ክቡር ዳኛ፣ ከዚህ የበለጠ ማደናገር ምን አለ? መንገደኛዋ የደንበኛዬን ቤት ፈልጋ፣ ስሙን አይታ፣ የተከሳሽ ቤት ገብታለች። ሕጉ የሚለው ይህንኑ ነው።”

“የደንበኛዎን ቤት እንደ ፈለገች በምን ይታወቃል?” አሉ ዳኛው።

እኔ ተነሳሁ። ማንም ተነሥ አላለኝም።

“ሚስቴ ናት” አልሁ። “ስሟ አገርነሽ ነው። ዓለምዬ ያለቻት እናቴ ናት። ከመጨረሻው ጀምራ እንድትቆጥር ያደረግኋት እኔ ነኝ፤ ማለቴ ልከለክላት ሞክሬ አልሆነልኝም። ማሩ ነጭ ነበር ወይ? ነጭ ማር እንደምወድ ታውቃለች።”

ፋንታዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። “ነጭ ነው” አለች።

ዳኛው የማር ዓይነት ከክሱ ጋር ግንኙነት እንደሌለው ሊነግሩኝ ጀመሩና ተዉት። ጸሐፊው ግን መዝገቡ ላይ ሲጽፈው አየሁ። ሻረው ጥግ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

ፍርዱ በዚያው ሳምንት ተሰጠ። ረታሁ። ሻረው በንግድ ስሜ መጠቀሙን እንዲያቆም፣ ታፔላውን እንዲያወርድ፣ ለሦስት ወርም በበሩ ላይ “ዓለምዬ ቤት በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው ደባርቅ ከተማ የሚገኘው የአቶ አንሙት ቤት ብቻ ነው” የሚል ማስታወቂያ በራሱ ወጪ እንዲለጥፍ ታዘዘ። ዳኛው የሚጨመር ነገር እንዳለኝ ጠየቁኝ።

“ከሥሩ ‘ሰውየው ሌላ ሚስት አላገባም’ የሚል ይጨመርልኝ” አልሁ።

አንዳንዱ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። “አቶ አንሙት፣ ሕጉ የሚጠብቅልዎ የቤትዎን ስም ነው። ትዳርዎን መጠበቅ አይችልም” አሉኝ በቀስታ። ልክ ናቸው። የእሱ ጠባቂ እኔ ነበርሁ።

ባሕር ዳር ወረድሁ። ሦስት ሳምንት ገበያውን፣ ጠላ ቤቱን፣ ወደቡን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ዞርሁ። ነጭ ማር የሚሸጡትን ሁሉ ጠየቅሁ። በየትኛው ስሟ እንደምትጠራ እንኳ አላውቅም፤ ዓለምዬን ለሌላ የሰጠሁባት መስሏት ጥላው ይሆናል፣ አገርነሽንም ድሮ እናቴ ወስዳባታለች። ሦስተኛ ስም ይኖራት ይሆን? ያን እኔ ከየት አውቀዋለሁ? ብሬ ሲያልቅ ተመለስሁ።

ስመለስ ዳባት ላይ ከአውቶቡስ ወረድሁ። ታፔላው የለም። የነበረበት ቦታ ግድግዳው ከሌላው ነጣ ብሎ በአራት ማዕዘን ይታያል። ከጎኑ የፍርድ ቤቱ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ በታይፕ የተመታ፣ ድፍን ያለ፣ ከላይ እስከ ታች ፊደል ብቻ። ቆሜ አነበብሁት። ያን ጊዜ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። እሷ አራት ፊደል ብቻ ነው የምታውቅ፤ እሱንም በትልቁና በቀይ ከተጻፈ ነው። ያን ሁሉ ደቃቅ ጽሑፍ ብታየው የግብር ወረቀት ይመስላታል። ተመልሳ ብትመጣ፣ ልቧ አልቆርጥ ብሏት በዚህ መንገድ ዳግም ብታልፍ፣ የምታውቀውን ብቸኛ ነገር ከግድግዳው ላይ ያስወረድሁት እኔ ነኝ። ስድስት ወር ተሟግቼ፣ ጠበቃ አቁሜ፣ ያሸነፍሁት ያን ባዶ ግድግዳ ነው።

ሻረው ወጣ። ሚስቱም ልጇን አዝላ ከኋላው ወጣች፤ ዓይኔን ማየት አልቻለችም።

“ከዚያን ቀን ጀምሮ ታለቅሳለች” አለኝ ሻረው። “የበላሁት ማር አይደለም፣ የሰው ትዳር ነው ትለኛለች። አንሙት፣ እኔ ገበያህን ብዬ ነበር። ይህን አላወቅሁም።”

“እኔም አልነገርሁህም” አልሁት። “ታፔላውን መልሰህ ስቀለው።”

“ምን?”

“ስቀለው።”

“ዳኛ ከልክሎኛል እኮ!”

“የከለከለህ በእኔ ስም ነው። እኔ ፈቅጃለሁ።”

ወደ አቶ ወልደ ገብርኤል ይዤው ሄድሁ። እንደዚያን ቀን ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። “በዚህ አገር የመጀመሪያውን የንግድ ስም ክስ ረትቼ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ልትሰጠው ነው?” አሉኝ። የመጀመሪያው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እሳቸው ግን እንደዚያ ነበር የሚያምኑ። ሕጉን ከማኅደሩ አውጥተው ብዙ ገለበጡ። በመጨረሻ ባለ ስሙ ራሱ በጽሑፍ ከፈቀደ ከልካይ እንደሌለ ተነፈሱ። በምን ግዴታ ነው የምትፈቅደው አሉኝ። እኔ እየነገርኋቸው ጻፉት።

“ታፔላውን ከመጨረሻው ፊደል ጀምራ በጣቷ የምትቆጥር ሴት የመጣች እንደ ሆነ፣ የስሙ ባለቤት ደባርቅ እንዳለ፣ ሌላ እንዳላገባ፣ ስሙንም ለማንም እንዳልሰጠ ሻረው ሊነግራት፤ በዚያውም ቀን ራሱ ይዟት ደባርቅ ድረስ ሊመጣ ግዴታ ገብቷል።”

“ይኸ የንግድ ውል አይደለም” አሉኝ።

“ይጻፉት።”

ጻፉት። ሻረው ፈረመ። ሚስቱ መጻፍ ስለማትችል በአውራ ጣቷ አተመች፤ ከሻረው ፊርማ ይልቅ የእሷ አሻራ ነው ልቤን ያሳረፈው። አገሩ ሁሉ “አንሙት ረትቶ ሸለመ” እያለ ተሳለቀብኝ። ይሳለቅ። ሾፌሮቹም ግማሾቹ ዳባት ምሳቸውን እየበሉ እኔን በጡሩምባ ብቻ ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ። ቤቴ ከድሮው ይልቅ ጸጥ ብሏል፤ ጸጥታው ደግሞ ቀን ቀንም ይሰማኝ ጀምሯል።

ዳባት የተሰቀለውን አዲሱን ታፔላ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሻረው ጎንደር ወስጄ ሠዓሊ ላጽፈው ቢለኝ እምቢ አልሁት። ቆርቆሮውን ሣር ላይ አጋደምሁና ከወዲያ ከመጨረሻው ጀመርሁ። “ዬ”ን ከሌሎቹ እጥፍ አድርጌ ጻፍኋት፤ ከዚያ ወደ ኋላ “ም”፣ “ለ”፣ “ዓ” እያነሱ ሄዱ። በሩቅ ለሚያየው የተንጋደደ ነው፤ መንገደኛው ሁሉ ጸሐፊው ሰክሮ ነበር ይላል። በየገበያው ቀን እወርዳለሁ። ሻረው ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል፣ አልመጣችም ማለቱ ነው። እኔም ታፔላው ሥር ትንሽ ቆሜ እመለሳለሁ። ጅራቱን ከያዘችው ራሱ የት ይሄዳል።